እትዬ ሙሉን ለመርታት

በቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ዘንድ «እትዬ ሙሉ» እየተባሉ የሚጠሩት ወይዘሮ ሙሉእመቤት፣ ለወራት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አርፈዋል። በማግስቱም ዘመዶቻቸው፣ የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቻቸውና የብሎካችን ሰው በሙሉ በተገኘበት ሸኝተናቸዋል። ይህንን የምጽፈው እኔ ሰሚራ ነኝ፤ ከብሎኩ ሥር የስልክ ሽፋንና ቻርጀር የምሸጠው። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም ቻርጀሩ ቶሎ ተበላሸ ብላችሁ የተቆጣችሁኝ ናችሁ።

እትዬ ሙሉ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት አገልግለዋል። ስለዚያ ዘመናቸው ከእኔ ይልቅ የሚያውቁ አሉና ለእነርሱ እተወዋለሁ። እኔ የማውቃቸው ከጡረታ በኋላ ነው፤ ያወቅኋቸውም በስልክ በሚጫወቱት የካርድ ጨዋታ ነው። ይህን ሰምቶ የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ እርሳቸውም ይስቁ ነበር።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ በድንኳኑ ውስጥ የሰማሁት ቃል ነው። ልጃቸው መሠረት አንገቴን አቅፋ አልቅሳ ስታበቃ፣ «የመጨረሻዋን ጨዋታ ስለለቀቅሽላት አላህ ይስጥልሽ» አለችኝ። አጠገባችን የተቀመጡትም «ልጆቹ እኮ ሁልጊዜ ይለቁላቸው ነበር» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለቅሶ ቤት ክርክር የሚነሣበት ቦታ ስላልሆነ ዝም አልኩ። ግን አላስቻለኝም። እትዬ ሙሉ ያንን ቃል ሰምተው ቢሆን ኖሮ ፈጽሞ ዝም አይሉም ነበር። በተባለው ነገር ውስጥ እውነት አለበት፣ ሐሰትም አለበት፤ ሁለቱን ለይቼ ለምታውቋቸው ሁሉ ማስረዳት የእኔ ግዴታ ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ስሙ የፈረንጅ ስምና ረጅም ስለሆነ በብሎካችን «ግንቡ» ነው የምንለው። ሁለት ሰዎች በየስልካቸው ይገጥማሉ። ከመቶ በላይ ካርዶች አሉ፤ ዘንዶ፣ ቀስተኛ፣ አንጥረኛ፣ የንብ መንጋ የመሳሰሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች ከእነዚህ አሥር ብቻ መርጦ ይገባል፤ አሥሩ አንድ ላይ ዴክ ይባላሉ፤ በአንድ ጊዜ እጅ የሚገቡት ግን አራት ብቻ ናቸው። በአራት ደቂቃ ውስጥ የሌላውን ግንብ ያፈረሰ ረታ። ካርድ ሁሉ ሲወጣ ጉልበት ይጨርሳል፤ ካርድ ሁሉ ደግሞ የሚረታው ሌላ ካርድ አለ። ዘንዶ ቢመጣብህ ንብ ታወጣበታለህ። ንቧን ቀድመህ በማይረባ ነገር ላይ ከጨረስካት ግን ዘንዶው ግንብህን ሲያነድደው ቆመህ ታያለህ።

እትዬ ሙሉ መጀመሪያ ሱቄ የመጡት ልጃቸው የገዛችላቸውን አዲስ ስልክ መስታወት ለማስለጠፍ ነበር። አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት፤ ሊፍት የሚባል ነገር ደግሞ ለብሎካችን አልተጻፈለትም። ጉልበታቸውን እያመማቸው ወርደው ሲደርሱ፣ እኔና ናቲ ባንኮኒው ላይ ተደፍተን እየተጫወትን ነበር። ናቲ አንደኛ ፎቅ የሚኖር የባንክ ሠራተኛ ነው፤ አፉ የማያርፍ፣ ልቡ ግን ደግ።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያስጮሃችሁ?» አሉ።

«ጌም ነው እትዬ። ለእርስዎ አይሆንም» አላቸው ናቲ።

«የሚሆነኝን መች ጠየቅሁህ? ምን እንደሆነ ነው የጠየቅሁህ።»

በሳምንቱ ደብተር ይዘው ወረዱ። በማስመሪያ የተሰመረ ደብተር ነው። በየገጹ የካርዱ ስም፣ የሚጠይቀው ጉልበት፣ የሚረታውና የሚረታበት በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል። እኔ ሁለት ዓመት በደመ ነፍስ ስጫወት የኖርኩትን ጨዋታ እርሳቸው በስምንት ቀን አንብበው ጨረሱት። «ዴክ» የሚለው ቃል አልጣማቸውም፤ «መዝገብ በሉት» አሉ። ሊያጠቃ የሚመጣው ካርድ «ክስ» ሆነ፤ የሚመክተው «መልስ»። ናቲ «እትዬ፣ ካውንተር ነው የሚባለው» ቢላቸው፣ «አንተ የፈለግኸውን በለው፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መልስ ስቀበል ነው የኖርኩት» አሉት።

እኔን ጨዋታውን ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው ብል ማጋነን አይደለም። እኔ በተረታሁ ቁጥር ተናድጄ አሥሩንም ካርድ የምቀይር ሰው ነበርኩ። እትዬ ሙሉ ይህን ሲያዩ ደማቸው ይፈላ ነበር። «ተረታሁ ብለሽ መዝገቡን አትቅደጂ። አንዱን ወረቀት ቀይሪና እንደገና ግቢ። አሥሩንም ከቀየርሽ የትኛው እንደ በደለሽ በምን ታውቂያለሽ?» ይሉኛል። በአንድ ዴክ ሦስት ጊዜ ሳልሸነፍ ካርድ እንዳልቀይር ከለከሉኝ። ሦስት ጊዜ ተረትቼ ስመጣም፣ ምክንያቱን በቃሌ ሳይሆን በደብተሩ ላይ እንድጽፍ ያደርጉኝ ነበር። ናቲ ደግሞ ትልልቁን ካርድ ብቻ ነው የሚወደው። ዘንዶ፣ ግዙፍ፣ የድንጋይ ሰው ሰብስቦ፣ ጉልበት እስኪሞላለት ሲጠብቅ ግንቡ በትንንሾቹ ይፈርሳል። ዴኩን አገላብጠው አይተው፣ «ናቲዬ፣ አሥር ዳኛ አስቀምጠህ አንድ ጸሐፊ የለህም» አሉት። ያን ቀን ሱቁ በሳቅ ሊፈርስ ነበር።

እንግዲህ ወደ እውነቱ ልምጣ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥተን መግጠም ልማድ ሆነ። የብሎኩ ወጣቶች ሁሉ ይመጣሉ። እትዬ ሙሉም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መነጽራቸውን ጠርገው፣ መሐል ላይ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ቀን ስንገጥም ንቧ በእጄ እያለች ዘንዷቸውን ለቀቅሁት። ማንም አላዘዘኝም። እናቴን የሚያህሉ ሰው፣ በዚያ ጉልበት አራት ፎቅ ወርደው መጥተው፣ በሰው ፊት ግንባቸውን ላፍርስባቸው? እጄ እምቢ አለኝ። ናቲም እንዲሁ አደረገ። ሌሎቹም ተከተሉ። ተመካክረን አይደለም፤ ታላቅ ሰው ቆሞ ወንበር ለመልቀቅ መመካከር አያስፈልግም። ለወራት እትዬ ሙሉ በብሎካችን ያልተረቱ ሆኑ። እኛም መልካም የሠራን መስሎን ደስ ይለን ነበር።

የረሳነው ነገር ቢኖር ከመዝገብ ቤት ሰው ጋር መሆናችንን ነው። ጨዋታው ያለፈውን ግጥሚያ ሁሉ ያስቀምጣል፤ ከፍቶ እንደገና ማየት ይቻላል። ሲታይ ደግሞ የሁለቱም ሰው እጅ ይታያል። እኛ ማናችንም የረታነውን እንጂ የተረታነውን ከፍተን አናይም። እርሳቸው ግን ከረቱም በኋላ ይመረምራሉ።

አንድ ቀን ጠዋት የሱቄን በር ገና ከፍቼ ሳልጨርስ መጡ። ደብተሩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

«ባለፈው ቅዳሜ በእጅሽ ንብ ነበረች። ጉልበትሽም ሞልቶ ነበር። ዘንዶዬ ሲመጣ ለምን አላወጣሻትም?»

«አላየኋትም እትዬ።»

«ከዚያ በፊት ባለውስ ቅዳሜ?»

የቻርጀሮቹን ሳጥን ማስተካከል ጀመርኩ።

«አራት ግጥሚያ ከፍቼ አየሁ ሰሚራ። የናቲንም አየሁ። የሁላችሁንም አየሁ። መልሱ በእጃችሁ ነበር።»

«እትዬ፣ እኛ እኮ ስለምናከብርዎት ነው» አልኳቸው።

አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወንበሩን ስበው ተቀመጡና ቀስ ብለው ተናገሩ። «ስንት ዓመት በሠራሁበት ቤት ተከሳሽ ሳይቀርብ የተፈረደ ብዙ አይቻለሁ። ከሳሹ ረታ ተብሎ ይጻፍለታል፤ ግን ማንንም አልረታም። እናንተም በሌላችሁበት ነው የፈረዳችሁልኝ። እኔ ደግሞ ጨዋታው የገባኝ መስሎኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ነገር አወቅሁ ብዬ ለልጄ ነግሬ ነበር። ሰው ሲያከብሩት መልስ ይሰጡታል፣ የኔ ልጅ። የማይመለስለት እኮ ልጅና በሽተኛ ነው።»

ደብተራቸውን ይዘው ወጡ። በዚያ ቅዳሜ አልወረዱም፤ በቀጣዩም አልወረዱም። መካከል ላይ ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ ማንም አልተቀመጠበትም። እውነት ለመናገር ፈራሁ። እትዬን ከቤታቸው የሚያወጣቸው አንድ ነገር ነበር፤ እኔ በክብር ስም አበላሽቼባቸዋለሁ። በሁለተኛው ሳምንት አራቱን ፎቅ ወጣሁና በራቸውን አንኳኳሁ።

«ይቅር ይበሉኝ፤ ዳግመኛ አልለቅልዎትም» አልኩ ገና ሳልቀመጥ።

«መሐላሽን ምን ላድርገው? መልስሽን አምጪልኝ።»

ቀጥለው ያደረጉት ነገር ነው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ። የራሳቸውን ዴክ፣ አሥሩንም ካርድ፣ በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። «ሳምንቱን ሙሉ በዚህ ተጫወቺ። ከሌላ ሰው ጋር፣ ከማታውቂው ሰው ጋር። የሰው መዝገብ የት ጋ እንደሚያመው የምታውቂው ራስሽ ስትይዢው ነው» አሉ። እኔ እርሳቸውን እንድረታ፣ የሚረቱበትን መንገድ በእጃቸው ሰጡኝ ማለት ነው።

ታዘዝኩ። በአምስተኛው ቀን ገባኝ። የእትዬ ሙሉ ዴክ የቆመው በአንጥረኛው ላይ ነው፤ እርሱ ከኋላ ቆሞ የሌሎቹን መሣሪያ ይስላል፤ እርሱ ከወደቀ ሌሎቹ ሁሉ ይደክማሉ። ሁላችንም ዘንዷቸውን እያየን አንጥረኛውን አይተነው አናውቅም። ከዴኬ አንድ ካርድ አወጣሁ፤ አንድ ብቻ፣ እንዳስተማሩኝ፤ በምትኩ ከመሬት ሥር ወጥቶ ከኋላ የሚመታውን ቆፋሪ አስገባሁ።

ቅዳሜ ሲመጣ እትዬ ሙሉ ወረዱ። ገጠምን። አንጥረኛው ገና እንደ ቆመ ቆፋሪውን ከእግሩ ሥር አወጣሁት። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ግንባቸው ፈረሰ። ናቲ ክርኔን ጨብጦ፣ «ምን ነካሽ? አብደሻል?» ብሎ በጆሮዬ ነገረኝ።

እትዬ ሙሉ ስልኩን ትንሽ ሲያዩ ቆዩና ቀና አሉ። ከዚያ ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ አይተናቸው አናውቅም፤ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። «እሰይ! አሁን ሰው አገኘሁ!» አሉና ግንባሬን ሳሙኝ። ወዲያው ደግሞ ደብተሩን ገልጠው እስክሪብቶ ጠየቁኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ማንም አልለቀቀላቸውም። ብዙ ጊዜ ያሸንፋሉ፣ ብዙ ጊዜ ይሸነፋሉ፤ በተረቱበት ቀን ግን ደረጃውን ሲወጡ እያንጎራጎሩ ነው። እኛም በጥሩ ሁኔታ መጫወት የጀመርነው ያን ጊዜ ነው። ናቲ እንኳ ከዳኞቹ ሁለቱን አውጥቶ ጸሐፊ ቀጠረ። አንድ ጊዜ አትላስ አካባቢ ካፌ ውስጥ ውድድር አለ ተብሎ ሁላችንም አብረን ሄድን። በር ላይ ያለው አስተናጋጅ፣ «እማማ፣ ልጅዎን ሊጠብቁ ከሆነ እዚያ ጋ ቦታ አለ» አላቸው። «ልጄ ሥራ ላይ ናት፤ እኔ ነኝ የተመዘገብኩት» አሉት። በመጀመሪያው ዙር አንድ የጆሮ ማዳመጫ ያደረገ ወጣት፣ ቀና ብሎ ፊታቸውን እንኳ ሳያይ፣ በደቂቃ ተኩል አፈረሳቸው። እኔ ልናደድ ስል፣ «ተይው፤ ከእናንተ ሁሉ ያከበረኝ እርሱ ነው» ብለው ማኪያቶ አዘዙለት።

ከጨዋታው ውጪ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የብሎካችን ዘበኛ ጋሽ ቶላ ቀድሞ ይሠሩበት የነበረው ድርጅት በመፍረሱ የሥራ ዘመናቸውን የሚመሰክር ወረቀት አጥተው ተቸግረው ነበር። በየቢሮው ማመልከቻ ቢያስገቡም «ቆይ ይታያል» ከማለት በቀር የሚመልስላቸው አልነበረም። እትዬ ሙሉ በዚያ ጉልበት የፈረሰው ድርጅት መዝገብ ወደ ተከማቸበት ቤት ሦስት ጊዜ ታክሲ ተሳፍረው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን አቧራ ለብሰው፣ የወረቀቱን ቅጂ በፕላስቲክ ከረጢት ይዘው ተመለሱ። ጋሽ ቶላ ጉልበታቸውን ሊስሙ ሲያጎነብሱ፣ «ይተዉ ጋሽ ቶላ። ሰው አመልክቶ መልስ ሲያጣ አልወድም፤ ይኸው ነው» አሏቸው። ድንኳኑን ሲተክሉ ከሁላችንም በፊት ካስማ የያዙት ጋሽ ቶላ ናቸው።

ሕመማቸው ሲጠና ደረጃው ቀረ። እኔ መውጣት ጀመርኩ፤ ሱቁን ለናቲ ወይም ለጎረቤት እያስጠበቅሁ። መነጋገር ሲያደክማቸው እንኳ መግጠም አያደክማቸውም ነበር። ስንጨርስ ደብተሩን እኔ እጽፋለሁ፤ እርሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያጽፉኛል።

የመጨረሻው ግጥሚያ የሆነው በእሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ትራሱን ደግፌላቸው ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ። ገና ስንጀምር መሠረት ከጓዳው በር ላይ ቆማ አየችኝ። እናቷን በአገጯ አመለከተችኝና ዓይኗን ጨፈነችልኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። ልቀቂላት ማለቷ ነው። አልፈርድባትም፤ እናቷ ናት። እኔንም ልቤ ያለኝ እንደዚያው ነበር። እጄ ግን ያን ጠዋት ባንኮኒዬ ላይ የተባልኩትን አልረሳም። ከልቤ ተጫወትኩ። አንጥረኛቸውን ገደልኩ። ግንባቸውን ግማሹን አፈረስኩት። እርሳቸውም የእኔን አደከሙት።

ሊያልቅ ጥቂት ሰኮንድ ሲቀር ውሃ ተሸካሚ አወጡ። ይህ ከካርዶቹ ሁሉ እርካሹ ነው፤ አንድ ጉልበት ብቻ የሚጠይቅ፣ እንስራውን አዝሎ ወደ ግንብህ ከመሄድ በቀር ምንም የማያውቅ። ግንቤ ግን በጣም ተጎድቶ ስለነበር እርሱም ከደረሰ ያፈርሰዋል። ሊያስቆመው የሚችል ፈጣን ካርድ በእጄ ያለችው ንቧ ብቻ ናት። አወጣኋት። ተሸካሚው ወደቀ። እፎይ ብዬ ሳልጨርስ ዘንዶው ወጣ። ቀድመው ጉልበቱን ቆጥበው፣ ንቧ እስክትወጣ ሲጠብቁ ኖሯል። ግንቤ ፈረሰ።

ስልኩን ደረታቸው ላይ አሳርፈው አዩኝ።

«ለቀቅሽልኝ?»

«አልለቀቅሁም እትዬ።»

«ማየቴ አይቀርም።»

«ይዩት።»

ፈገግ አሉ። «ዛሬ ዓይኔ ደከመ። ነገ ከፍቼ አየዋለሁ» አሉና ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ። በማግስቱ ወደ ሐኪም ቤት ተወሰዱ። ስልካቸው ቤት ቀረ፤ እርሳቸውም አልተመለሱም።

መሠረት እህቴ፣ ያመሰገንሽኝ በቅንነት ነው፤ ምስጋናው ግን ለእኔ አይገባም። እናትሽ ምጽዋት አልተቀበሉም። በድንኳኑ ውስጥ ራሳችሁን የነቀነቃችሁም ዕወቁት፤ በፊት ዋሽተናል፣ እኔም ቀድሜ ዋሽቻለሁ፤ ከዚያች ጠዋት ወዲህ ግን አልዋሸንም።

እትዬ ሙሉ፣ «አይችልም» ብዬ የማልፈው ሰው እንዳይኖር ስላስተማሩኝ አመሰግንዎታለሁ። ሱቄ ውስጥ ሽማግሌ ሲመጣ አሁን ስልኩን ቀምቼ አልሠራለትም፤ አሳየዋለሁ፤ ከተሳሳተም ተሳስተዋል እለዋለሁ። በዚያች ባንኮኒ ፊት እውነቱን ባይነግሩኝ ኖሮ ሰውን በክብር ስም እያሳነስኩ እኖር ነበር። ነፍስዎን ይማር፤ ማረፊያዎን ያሳምርልዎ።

ነገ አየዋለሁ ብለው የተዉትን ግጥሚያ ትናንት ከፍቼ አየሁልዎት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሁለት ጊዜ። ዘንዶው ሲወጣ የተረፈ ጉልበት ነበረኝ። በእጄ ያሉትን አራቱንም ካርዶች አንድ በአንድ ተመለከትኋቸው። መልስ አልነበረኝም። ረትተውኛል፣ እትዬ።